በአገዳው መካከል፦ ትምህርት፣ ሥራና የምእመናን ኅብረት በናዝሬትና በወንጂ

መግቢያ

ውድ አንባቢ፣ ከአዳማ ወደ ደቡብ፣ ወደ ወንጂ የሚወስደውን መንገድ ምናልባት ያውቁት ይሆናል። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የከተማው ጫጫታ ከኋላ ቀርቶ ትንሽ ሲወርዱ፣ ግራና ቀኙን የሸንኮራ አገዳ ይይዘዋል። አገልጋይ ከሆኑ ለጉባኤ፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ሄደውበት ይሆናል። በዚያ የሚኖሩ ምእመናንንም በፊታቸው ብቻ ሳይሆን በጥርሳቸው ቀለም ጭምር ለይተው ያውቋቸው ይሆናል። ስለዚህ ቀለም ወደ ኋላ ላይ እንመለሳለን።

በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቶቻችንና በሴሚናሪዎቻችን የወንጌላውያን ታሪክ ሲሰጥ፣ ናዝሬት ከፍ ያለ ቦታ አላት። የሚነገረውም በአብዛኛው ሦስት ነገር ነው፦ የሜኖናይት ሚስዮን ሆስፒታል፣ በ1960ዎቹ በተማሪዎች መካከል የተነሣው የ«ሰማይ ብርሃን» መነቃቃት፣ እና በ1982 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መዘጋት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህ ሦስቱ ሊነገሩ የሚገባቸው ታሪኮች ናቸው። ይሁን እንጂ ሆስፒታሉ ማንን ያክም ነበር? በተዘጋው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረው ምእመን ሰኞ ጠዋት ወዴት ይሄድ ነበር? ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው? የሚጠጣውስ ውኃ ከየት ይመጣ ነበር? ስለ መነቃቃቱ የምናስተምረውን ያህል ስለነዚህ አናስተምርም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። የናዝሬትና የአካባቢዋ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከስኳር እርሻው፣ ከፋብሪካውና ከሠራተኛው ሰፈር ታሪክ ተለይቶ ሊገባ አይችልም። ይህን አለማየታችን ደግሞ ታሪካችንን ከማጉደሉም በላይ የዛሬውን አገልግሎታችንን ያጎድለዋል።

1. ከጃቫ እስከ አዋሽ

የኔዘርላንድ ኩባንያ የሆነው ኤች.ቪ.ኤ. (በሙሉ ስሙ የአምስተርዳም የንግድ ማኅበር) በኢንዶኔዥያ፣ በተለይም በጃቫ ደሴት ሰፋፊ የስኳር እርሻዎች ነበሩት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ተከትሎት የመጣው የኢንዶኔዥያ ነፃነት የቅኝ ግዛቱን ዘመን ሲዘጋው፣ ኩባንያው ልምዱንና ባለሙያዎቹን የሚያሰማራበት ሌላ አገር ፈለገ። በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተስማማና በአዋሽ ወንዝ ዳር በወንጂ ሜዳ 5,000 ሄክታር ያህል መሬት ተረከበ። ሜዳው ረግረግና የወባ አገር ነበር። በመጋቢት 1954 የወንጂ ፋብሪካ የመጀመሪያውን ስኳር አመረተ። በ1962 የሸዋ ፋብሪካ ተጨመረ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻም ኩባንያው ወደ መተሐራ ተሻገረ።

በመካከሉ በ1960 የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ግድቡ ኢጣሊያ ለጦርነቱ በከፈለችው ካሣ የተሠራ ሲሆን፣ ለአዲስ አበባና ለአካባቢው ፋብሪካዎች ኤሌክትሪክ ሰጠ፤ የአዋሽንም ጎርፍ ገታ። ከግድቡ ኋላ የተኛው ሐይቅ «ገሊላ» ተባለ። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ቢሾፍቱን «ደብረ ዘይት» ብሎ አልፎ፣ «ገሊላን» በስተ ቀኙ ትቶ፣ አዳማን «ናዝሬት» ብሎ ይገባ ነበር። የወንጌል ካርታ በስምጥ ሸለቆው ላይ ተዘርግቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ከስሞቹ በታች ሌሎች ስሞች፣ ከእርሻውም በታች ሌላ ኑሮ ነበረ። የወንጂና የቆቃ ሜዳ የጂሌ ኦሮሞ ከብት ማሰማሪያ ነበር። የመተሐራው ሜዳ ደግሞ ለከረዩ ኦሮሞ የበጋ ግጦሽና ውኃ መውረጃ ነበር። አርብቶ አደር በክረምት የትም ይውላል፤ በበጋ ግን ሕይወቱ በወንዙ ዳር ባለው መሬት ላይ ትንጠለጠላለች። እርሻው የወሰደው ያንኑ የወንዝ ዳር መሬት ስለሆነ፣ በስፋት ከተወሰደው ይልቅ በጥቅም የተወሰደው በለጠ። በ2000 ከተማዋ አዳማ የሚለውን ስሟን በይፋ መልሳ ስትይዝ አንዳንድ ምእመናን «መጽሐፍ ቅዱሳዊ ስማችን ተወሰደ» ብለው አዝነው ይሆናል። ያዘኑት ሰዎች ከስሙ በፊት የነበረውን የሌላውን ኀዘን ቢያውቁ ኖሮ ነገሩን በሌላ ዓይን ያዩት ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1ኛ ነገሥት 21 የናቡቴን ታሪክ ስንሰብክ ብዙውን ጊዜ የምንናገረው ስለ አክዓብ ስግብግብነትና ስለ ኤልዛቤል ክፋት ነው። ናቡቴ ግን ወይኑን አልሸጥም ያለው የአባቶቹ ርስት ስለሆነ ነው። የተሻለ ወይን ወይም ጥሩ ዋጋ ቀርቦለት ነበር። ለርሱ መሬቱ የሚለዋወጡት ዕቃ አልነበረም። በአዋሽ ዳር ይህን ምዕራፍ የሚሰብክ ሰው ከጉባኤው መካከል ማን በየትኛው ወገን ሆኖ እንደሚሰማው ማወቅ አለበት።

2. ከየአቅጣጫው የመጣው ሠራተኛ

አገዳ ብዙ እጅ ይፈልጋል። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲረግፍ ይቃጠላል፤ ከዚያ ቆራጩ በጥላሸትና በሙቀት መካከል በገጀራው እየቆረጠ ይከምራል። የተቆረጠ አገዳ ሲቆይ ስኳሩ ስለሚቀንስ ፋብሪካው በወቅቱ ሌትና ቀን ይሠራል። ክረምት ሲገባ ፋብሪካው ለጥገና ይቆማል፤ የወቅት ሠራተኛውም ወደ አገሩ ይመለሳል ወይም ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። የሰፈሩ ኑሮ፣ ዱቤው፣ ሠርጉና ዕዳው ሁሉ በዚሁ ዑደት ይዞር ነበር።

ሠራተኛው ከብዙ አቅጣጫ መጣ። በተለይ መሬት ከጠበበባቸው ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ እየመጡ አገዳ የቆረጡ ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ወንጌልን ይዘው የመጡ ነበሩ። እንደምናውቀው፣ በ1937 የኤስ.አይ.ኤም. ሚስዮናውያን ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት 50 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ከወረራው በኋላ ሲመለሱ ያገኟቸው ግን 10,000 ያህል ነበሩ። ይህ ሕዝብ ያለ ሚስዮናዊ መጸለይን፣ መስበክንና ቤተ ክርስቲያን መሥራትን የተማረ ሕዝብ ነው። ልጁ ወደ ስኳር እርሻ ሲወርድ መዝሙሩንም ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በስኳር እርሻዎቹ የወንጌላውያንን እምነት የተከለው ከውጭ የመጣ ሰባኪ ብቻ አይደለም፤ ገጀራ የያዘ የቀን ሠራተኛም ነው።

ይህ ሰው ከዘመድ፣ ከቀዬና ከሽማግሌ ርቆ የሚኖር ነው። ቢታመም ማን ያስታምመዋል? ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እድር ነበር። እድር ሬሳ ከማንሣት ጀምሮ የታመመውን መጠየቅንና ለተቸገረ ማዋጣትን ያካትታል። የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ባልተፈቀደበት ዘመን ደግሞ ሠራተኞች በእድርና በመረዳጃ ስም ተሰባስበው ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ይመክሩ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሲወጣና በ1963 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት አብርሃም መኰንን ከወንጂው የኤች.ቪ.ኤ. ሠራተኞች የወጡ መሪ ነበሩ። በአገራችን ሠራተኛው በአደባባይ በአንድ ድምፅ መናገር ሲጀምር፣ ድምፁ በከፊል የመጣው ከዚህ ከአገዳው መካከል ነው።

3. የጥጥ መዳመጫው ሆስፒታል

ወንጂ ከመመሥረቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ የአሜሪካ ሜኖናይቶች ለእርዳታ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በናዝሬት ኢጣሊያኖች ትተውት የሄዱትን የጥጥ መዳመጫ ተረክበው ሆስፒታል አደረጉት። ሆስፒታሉ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ተሰየመ። ለወረራው ሀብት የታሰበው ቤት በወረራው ጊዜ በወደቀ አርበኛ ስም የሕሙማን ቤት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሜኖናይቶች ስማቸውን ያገኙት ከሜኖ ሲሞንስ ነው፤ እርሱም በ16ኛው መቶ ዘመን ክህነቱን ትቶ የተሰደዱትን አናባፕቲስቶች የመራ የሆላንድ ሰው ነው። ኤች.ቪ.ኤ.ም የመጣው ከሆላንድ ነው። አንዱ ከአምስተርዳም በጃቫ በኩል፣ ሌላው ከፍሪስላንድ ተነሥቶ በፔንሲልቫኒያ በኩል ዞሮ፣ ሁለት የሆላንድ ቅርሶች በናዝሬት ዙሪያ በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ተገናኙ። አንዱ ካፒታልና የእርሻ ጥበብ ይዞ መጣ፤ ሁለተኛው ከስደት የተወለደ፣ ሰይፍ ያልያዘ እምነት። የአካባቢያችን ዘመናዊ ኑሮ በሁለቱም እጅ የተሠራ ነው።

ሚስዮኑ እንደ ልቡ መስበክ አይችልም ነበር። በ1944 የወጣው የሚስዮኖች ደንብ አገሪቱን ክፍት በሆኑና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሆኑ አካባቢዎች ከፍሎ ነበር። በሁለተኛው ዓይነት አካባቢ ሚስዮናዊ ማከምና ማስተማር እንጂ ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሰው መሳብ አይፈቀድለትም። ናዝሬት ከዚህ ወገን ነበረች። ታዲያ ይህ ገደብ፣ ያኔ ሸክም ቢሆንም፣ ለአገልግሎቱ ልዩ መልክ ሰጠው፦ ቃሉ በሥራ በኩል እንዲያልፍ አስገደደው። ሆስፒታሉ የሕክምና ረዳቶችን፣ ማለትም ድሬሰሮችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1959 የናዝሬት መጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መስጠት ጀመረ። በ1951 አሥር ያህል ሰዎች ተጠምቀው ነበር፤ በ1959 ምእመናኑ ለቤተ ክርስቲያናቸው «መሠረተ ክርስቶስ» የሚል ስም መረጡ። ስሙ የተወሰደው ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11 ከተናገረው ነው።

ድሬሰሩን አሳንሰን አንየው። ድሬሰር ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበት እንደ ሐኪም የሚቆም ሰው ነው። ከናዝሬት ሠልጥነው የወጡ ድሬሰሮች በየከተማውና በየእርሻው ሥራ ይዘው ሄዱ። ደመወዝ ከሚስዮን የማይጠብቅ፣ በሙያው የሚከበር፣ ሰው በሌሊት ቤቱን የሚያንኳኳበት ምእመን በአዋሽ ሸለቆ ከተሞች ተገኘ። መድረክ ሳይኖረው አመኔታ ነበረው። ዛሬ ስለ «ሁለት ሙያ ያለው አገልጋይ» በሴሚናሪ ስንወያይ፣ ምሳሌውን ከውጭ መጻሕፍት እንፈልጋለን፤ የእኛው ድሬሰር ግን ከ60 ዓመት በፊት ኖሮበታል።

«ሰማይ ብርሃን»ም የተወለደው ከትምህርት ፍላጎት ነው። በ1960ዎቹ የናዝሬት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል ብለው ወደ ሚስዮኑ ሄዱ፤ የተማሩበትም መጽሐፍ የዮሐንስ ወንጌል ነበር። ሲጀምሩ የፈለጉት ቋንቋ ነው፤ ያገኙት ግን ከዚያ የበለጠ ሆነ። ሆኖም የመጀመሪያውን ፍላጎታቸውን አንናቀው። የባቡርና የፋብሪካ ከተማ ልጅ እንግሊዝኛ ቢያውቅ የጽሕፈት ቤት ሥራ ያገኛል፤ ባያውቅ የአባቱ ገጀራ ይጠብቀዋል። እግዚአብሔር ተማሪዎቹን ያገኛቸው ከእንጀራ ጥያቄያቸው ውጭ ሳይሆን በዚያው በጥያቄያቸው ውስጥ ነው።

4. ውኃው

አሁን ወደ ጥርሱ እንመለስ። ኩባንያው ለሠራተኛው ሰፈር የከርሰ ምድር ውኃ አወጣ። ሐሳቡ መልካም ነበር፦ የአዋሽ ውኃ በሽታ ያመጣል፤ የጉድጓድ ውኃ ግን ንጹሕ ነው። ውኃውም ለዓይን ጥሩ ነበር። ነገር ግን የስምጥ ሸለቆው ምድር ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ስለሆነ፣ በዓለቱ ውስጥ አልፎ የሚመጣው ውኃ ፍሎራይድ ያነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በወንጂ ጉድጓዶች የተገኘው ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው። በዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ጥርሱ ሳይወጣ ጀምሮ ስለሚነካ ጥርሱ ይጠቁራል፣ ይቦረቦራል። በጉልምስናው ከደጋ የመጣው አባት ግን ጥርሱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ እርሱን የሚያገኘው ከአሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ከጠጣ በኋላ ነው። አጥንቱ ይወፍራል፣ መጋጠሚያው ይደርቃል፣ አከርካሪው አልታጠፍ ይላል፤ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ የኖረ ሰው ጎንበስ እንዳለ ይቀራል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የኢትዮጵያና የውጭ ሐኪሞች በወንጂ ሸዋ ሠራተኞች ላይ ባደረጉት ጥናት ይህ በሽታ በሕክምና ዓለም ታወቀ። ፍሎራይድን የሚያስቀሩ ማጣሪያዎችም በእርሻው ተተከሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በስምጥ ሸለቆ መንደሮች ከከብት አጥንት ከሰል የሚሠራ ማጣሪያ በክርስቲያን የእርዳታ ድርጅቶች ድጋፍ ተስፋፍቷል።

ይህን ታሪክ የምናነሣው ኩባንያን ለመክሰስ አይደለም፤ በወቅቱ ጉድጓዱን የቆፈረው ሰው ክፉ አላሰበም። የምናነሣው ለአገልጋይ ትልቅ ትምህርት ስላለው ነው። በ2ኛ ነገሥት 2 የኢያሪኮ ሰዎች ወደ ኤልሳዕ መጥተው፣ ከተማችን ለመኖሪያ ያማረች ናት፣ ውኃዋ ግን ክፉ ነው አሉት። ነቢዩ «እኔ የመጣሁት ስለ ነፍሳችሁ ነው» አላላቸውም። ወደ ምንጩ ወጣ። ልብ ይበሉ፣ ወደ ማሰሮአቸው አልሄደም፤ ወደ ምንጩ ነው የሄደው።

በእነዚያ ዓመታት በጉባኤዎቻችን ወገቡን የታመመ ወንድም ለጸሎት ሲቀርብ እጅ ጭነን ጸልየናል፤ ልክም ነበርን። ግን በአንድ መንደር የሚኖሩ፣ አንድ ውኃ የሚጠጡ ሰዎች በአንድ ዓይነት ሕመም እየታመሙ ሲመጡ፣ እረኛ የሆነ ሰው «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። መጠየቅ የእምነት ጉድለት አይደለም። መንጋውን የሚያውቅ እረኛ የሚጠጡበትንም ያውቃል።

5. ኪንግስውድ

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ1739 በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶል ከተማ አጠገብ፣ ኪንግስውድ በሚባል ስፍራ የከሰል ድንጋይ ቆፋሪዎች ይኖሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የማይደርስባቸው፣ ከተሜው የሚፈራቸው ሰዎች ነበሩ። ጆርጅ ኋይትፊልድ በየካቲት በሜዳ ላይ ቆሞ ሰበከላቸው፤ ጥቂት ቆይቶ ጆን ዌስሊ ተከተለው። ይህን ሁላችንም በመነቃቃት ታሪክ ተምረነዋል። ያልተማርነው ግን በዚያው ስፍራ ወዲያው የቆፋሪዎቹ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት መጀመሩን ነው። በሜዳ ስብከትና በትምህርት ቤት መካከል የነበረው ጊዜ አጭር ነበር።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሰሜን እንግሊዝ በደርሃምና በኖርዘምበርላንድ የከሰል አገር፣ ቶማስ ሄፕበርን የሚባል ቆፋሪ በ1831 የሠራተኞችን ማኅበር መራ። ሄፕበርን የፕሪሚቲቭ ሜቶዲስት አባል ነበር። ማኅበሩ በጉድጓድ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ልጆች የሥራ ሰዓት በቀን 12 እንዲሆን አስቻለ፤ ከዚያ በፊት ከዚህም ይረዝም ነበር። በዚያ አካባቢ በኋላ የተነሡ ብዙ የሠራተኛ መሪዎች በእሑድ የሚሰብኩ ምእመናን ነበሩ። ማንበብን የተማሩት በሰንበት ትምህርት ቤት፣ ስብሰባ መምራትንና በሕዝብ ፊት መናገርን የተማሩት በቤተ ክርስቲያን ነው።

ከዚህ የምንማረው ቤተ ክርስቲያን የሠራተኛ ማኅበር ትሁን ማለት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሰውን ማንበብ፣ መናገርና መታመን ካስተማረችው፣ ያ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ነው። በእኛም አገር ከ1962 ጀምሮ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በየምሥራች ድምፅ አማካይነት ያካሄደችው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህንኑ ፍሬ አፍርቷል፤ ፊደል የቆጠረ ገበሬ የግብሩን ደረሰኝም ያነባል።

እኛ ግን አንድ ነገር ማመን ያለብን ይመስለኛል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መሬትንና ጉልበትን በተመለከተ ጮክ ብለው የጠየቁት ተማሪዎች፣ ለጥያቄያቸው ከመድረኮቻችን በቂ መልስ አልሰሙም። ያዕቆብ በምዕራፍ 5 የአጫጆች ደመወዝ ሲቀር ጩኸቱ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይናገራል። ይህ ቃል በአገዳ ቆራጮች መካከል ስንት ጊዜ ተሰብኮ ይሆን? ጥያቄውን እኛ ስንተወው ሌሎች አነሡት፤ መልሱንም ያለ እግዚአብሔር ሰጡት። በኋላ ያ መልስ በእኛው ላይ በር ሲዘጋ፣ የተዘጋው በር ታሪክ ከየት እንደሚጀምር ማስታወስ ነበረብን።

6. የተዘጋው በር

በ1975 እርሻውና ፋብሪካዎቹ የመንግሥት ሆኑ። ጥር 1982 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጋች፤ ሕንፃዎቿና የናዝሬቱ አካዳሚ ተወሰዱ፤ መሪዎቿ ታሰሩ፤ አንዳንዶቹ ከአራት ዓመት በላይ በእስር ቆዩ። በተዘጋች ጊዜ የአባላቷ ቍጥር 5,000 ያህል ነበር። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በግልጽ ስትወጣ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ።

ይህን ቍጥር በየጉባኤው ሰምተውታል። ብዙውን ጊዜ የምንሰጠው ምክንያትም አንድ ነው፦ ስደት ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። በታሪክ ስደት ያጠፋቸው አብያተ ክርስቲያናትም አሉ፤ የሰሜን አፍሪካንና የኑቢያን ማስታወስ በቂ ነው። መጠየቅ ያለብን ይህች ቤተ ክርስቲያን በቤት ውስጥ እንድትኖር ያስቻላት ምን ነበር የሚለው ነው።

ጸጋ መሆኑን ሳንዘነጋ፣ ጸጋው የተጠቀመበትን ዕቃ ማየት እንችላለን። ቤተ ክርስቲያኒቱ በቤት ለቤት ኅብረት ስትከፈል፣ ምእመኑ አዲስ ነገር አልተጠየቀም። በአንድ ግቢ አብሮ መኖርን፣ ቡና ተጠራርቶ መጠጣትን፣ ለታመመ ማዋጣትን፣ ምሥጢር መጠበቅን፣ በለቅሶ ቤት ተሰብስቦ ማደርን የሠራተኛውና የከተማው ሰፈር አስቀድሞ አስተምሮታል። ሴቶች የኅብረቱ ምሰሶ የሆኑት ቤቱ፣ ጀበናውና የጎረቤት ዝምድናው በእጃቸው ስለነበረ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው አገልጋይ ሲታሰር፣ በሙያው የሚኖረው ድሬሰር፣ መምህር ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ አገልግሎቱን አላቆመም። ማለትም ለ1982 የተደረገው ዝግጅት በ1982 አልተጀመረም። ከዚያ በፊት በነበሩት 30 ዓመታት በትምህርት ቤቱ፣ በሆስፒታሉና በሰፈሩ ሳይታወቅ ሲዘጋጅ ነበር።

7. ለዛሬው አገልጋይ

ውድ አንባቢ፣ ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው ብለው መጽሔቱን እንዳይዘጉ አደራ። አሮጌዎቹ የወንጂና የሸዋ ፋብሪካዎች ቆመው በዶዶታ በኩል በተሠራ አዲስ ፋብሪካ ተተክተዋል። ነገር ግን ወንጂ የጀመረው ዓይነት ኑሮ ዛሬ በስምጥ ሸለቆው ሁሉ ተዘርግቷል። በባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ ዳር ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሰፊ የአበባ እርሻ አለ፤ የጀመሩት ባለሀብቶችም ከዚያው ከሆላንድ የመጡ ናቸው። በአብያታ ሐይቅ ሶዳ አሽ ሲመረት ቆይቷል። በአዳማ በ2018 የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። ዛሬ ገጀራ በያዘው ወጣት ፈንታ ከገጠር የመጣች፣ አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ አለች፤ በአንድ ክፍል አራትና አምስት ሆነው ተከራይተው ይኖራሉ። እሑድ በቤተ ክርስቲያንዎ የኋላ ወንበር ተቀምጣ ይሆናል፤ ተረኛ ከሆነች ደግሞ አልመጣችም።

ከታሪኩ የምንወስዳቸው ጥቂት ነገሮች እነሆ።

አንደኛ፣ ወደ አንድ ስፍራ ለአገልግሎት ሲመደቡ የቤተ ክርስቲያኒቱን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የመሬቱን ታሪክ ይጠይቁ። ከእርሻው በፊት እዚህ ማን ነበር? ልጆቹ አሁን የት ናቸው? በጉባኤያችን አሉ ወይስ በአጥሩ ማዶ ቀርተዋል?

ሁለተኛ፣ የፕሮግራም ሰዓታችን የተሠራው ለማን ነው? በፈረቃ የሚሠራ ሰው የእሑድ ጠዋት አምልኮ ካመለጠው እምነቱ የቀዘቀዘ አይደለም፤ የእኛ ሰዓት ነው ያልደረሰለት። በ1980ዎቹ በስውር ጉባኤውን ወደ ቤት ያወረድን ሰዎች፣ ዛሬ በነፃነት ይህን ማድረግ አያቅተንም።

ሦስተኛ፣ ትምህርትን ከወንጌል ጋር አናጣላ። ለሠራተኛዋ ልጅ የማታ ትምህርት፣ የሒሳብ አያያዝ፣ የሥራ ውሏን አንብቦ የመረዳት እርዳታ ብንሰጣት የዮሐንስን ወንጌል እንደገና በናዝሬት ከፈትን ማለት ነው።

አራተኛ፣ ውኃውን ይጠይቁ። «ውኃ» ስል ፍሎራይዱን ብቻ አይደለም፤ በየሰፈሩ ሰውን ቀስ ብሎ የሚያጎብጠውን፣ ለዓይን ግን ንጹሕ የሚመስለውን ነገር ሁሉ ነው። አንዳንዴ የአራጣ ብድር ነው፤ አንዳንዴ መከላከያ ልብስ የሌለበት የመድኃኒት ርጭት ነው፤ አንዳንዴም ማንም የማይሰማው የሴት ልጅ ፍርሃት ነው።

አምስተኛ፣ ለሴሚናሪ ተማሪዎች፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ከሆነ ወደ ሩቅ አትሂዱ። በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በአዳማ ቀበሌዎች በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አገዳ የቆረጡ፣ በሆስፒታሉ የሠለጠኑ፣ በቤታቸው ኅብረት ያስተናገዱ አባቶችና እናቶች ጥቂቶቹ አሁንም በሕይወት አሉ። አጠገባቸው ቁጭ በሉ፤ ድምፃቸውን ቅረጹ። ስለ ጸሎታቸው ስትጠይቁ ስለ ደመወዛቸውም ጠይቁ። ስለ እስራቱ ሲነግሯችሁ ስለ ጀርባቸው ሕመምም አድምጡ። የምትጽፉት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያን ጊዜ ሙሉ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የናዝሬት ምእመናን በ1959 ስም ሲመርጡ ስለ መሠረት የሚናገረውን ቃል መረጡ። ሐዋርያው ስለ መሠረቱ ከተናገረ በኋላ ወዲያው የሚናገረው በላዩ ስለሚታነጸው ነገር ነው፤ ወርቅም ይሁን ብር፣ እንጨትም ይሁን ገለባ፣ የእያንዳንዱ ሥራ በእሳት ይፈተናል። መሠረቱ ክርስቶስ መሆኑን ለማመን አልተቸገርንም። የምንቸገረው በዚያ መሠረት ላይ ሕንፃው ከሰው የዕለት ኑሮ እንደሚሠራ ለማመን ነው፦ ከድሬሰሩ ሌሊት፣ ከእንግሊዝኛው ክፍል፣ ከእድሩ መዋጮ፣ ከአገዳ ቆራጩ መዝሙር፣ ጀበናዋን ጥዳ በሯን ከዘጋችው እናት።

በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ወንጂ ሲወርዱ አገዳው ግራና ቀኝ ሲይዝዎት መኪናውን ትንሽ ዝግ ያድርጉት። ያን መንገድ በእግሩ የሄደውን ሰው ያስቡ። እርሱን ሳናውቅ ቤተ ክርስቲያናችንን አናውቃትም።